ለአጥንት ወይስ ለአራስ

መስከረም 20

ዛሬም የኡኬ መንገድ ተዘግቷል። ሽንኩርት አልመጣም፤ ያለኝም ከሥሩ መበስበስ ጀምሯል። በሆስፒታሉ የታችኛው በር ላይ ሸራዬን ዘርግቼ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ሰው ያየኛል፣ ያልፋል። ኑሪያ ከጎኔ ሳምቡሳዋን እየጠበሰች፣ «ሃዳ ኢቢሳ፣ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ እንጂ! እንዲህ አኩርፈሽ ስትቀመጪ እኮ በሽተኛው የባሰበት ይመስለዋል» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። የኢቢሳ እናት እያለች በልጄ ስም ነው የምትጠራኝ። ለእሷ መሳቅ ቀላል ነው፤ ባል አላት።

መምህርት ሐሴት በየቀኑ ጻፊ ብላኛለች። ካልጻፍሽ ፊደሉ ይጠፋብሻል ትላለች። ባሌ የሞተ ጊዜ ወንድሞቹ ባቀረቡልኝ ወረቀት ላይ አሻራዬን አትሜ ወፍጮ ቤታችንን አስረከብኳቸው፤ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ፊደል የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ በሚጮኸው ውሻ ሰው ይስቃል፤ በእኔም ይስቁ።

መስከረም 22

አንድ ሽማግሌ ከሲሬ ልጁን ይዞ መጥቶ ኮሪደር ላይ ያድራል። ልጁ ባጃጅ ተገልብጦበት ጭኑ ተሰብሯል። «አዴ፣ አንጮቴ ቀቅሎ የሚሸጥ ሰው የት ይገኛል?» አለኝ። የለም አልኩት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት ሴት መጣች፤ እህቷ በኦፕራሲዮን ወልዳለች። እሷም የጠየቀችኝ አንጮቴ ነው። ኑሪያ፣ «ሆቴል ሂጂ፣ ማካሮኒ ይሰጡሻል» ብላ አላገጠችባት።

እኔ ግን ቤት ገብቼም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚህ አገር አጥንቱ የተሰበረ ሰውና የወለደች ሴት ያንን ሥር ቀቅለው ካላበሏቸው ዳኑ አይባልም። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚተኙት ደግሞ ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ድስት የላቸው፣ ከሰል የላቸው። ሁሉም ይጠይቃል፣ የሚሸጥ የለም። ስንት ዓመት እዚያ በር ላይ ስቀመጥ ጆሮዬ ሲሰማ የኖረው «ሽንኩርት ስንት ነው?» የሚለውን ብቻ ነበር። መንገዱ ባይዘጋ ኖሮ አሁንም አልሰማም ነበር። ደንቆሮ!

መስከረም 25

ከጉቴ አንድ ጆንያ አንጮቴ መጣልኝ። የጉቴ መንገድ ክፍት ነው፣ ለጊዜው። ኢቢሳ በባጃጁ እቤት አደረሰልኝና፣ «አዮ፣ በእርጅናሽ ጊዜ ሐኪም ልትሆኚ ነው?» አለኝ። ሲስቅ አባቱን ይመስላል። በጊዜ ግባ አልኩት። እሺ አለ። አይገባም።

መስከረም 27

ባዶ ድስት ይዤ ገባሁ። ከቀትር በፊት አለቀ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ምን እንደምፈራ አላውቅም። ነገር ሲሳካልኝ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያይ ይመስለኛል።

መስከረም 30

ለአጥንት የሚሄደውና ለአራስ የሚሄደው አንድ አይደለም። ለአጥንት ከሆነ ጥቅጥቅ አድርጌ፣ ከአይብ ጋር። ለአራስ ከሆነ ለስለስ አድርጌ፣ ቅቤውን አብዝቼ፣ ጨውና በርበሬውን ቀንሼ። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ላፌ ሞ ዴሱ?» ብዬ ነው። አጥንት ነው ወይስ አራስ? አሁን የበሩ ዘበኞች ሳይቀሩ ሲያዩኝ «ላፌ ሞ ዴሱ!» ይሉኛል። ኑሪያ ስሜ አድርጋዋለች። ይበሉ። በስሜ ሲጠሩኝም ያተረፍኩት ነገር የለም።

ጥቅምት 2

ሶረቲ መጣች። የኦቦ ጉደታ እህት ናት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆነው የጉደታ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ውስጥ አብራቸው ትኖራለች። ጥላዋን ዝቅ አድርጋ ይዛ፣ ፊቷ አይታይም።

«ላፌ ሞ ዴሱ?» አልኳት።

ዞር ብላ ኋላዋን አየች። «ዴሱ» አለች፣ በሹክሹክታ።

«እሰይ! ወንድ ነው ሴት?»

ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወስዳ ሄደች። መልሷንም ሳትቀበል።

እዚያ ቤት ማን ሊወልድ ይችላል? የጉደታ ሚስት የእኔ እኩያ ናት። ሶረቲ ባል የላትም። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሊሊሴ ናት፤ እሷ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ለእረፍትም አልመጣችም ብለዋል። እልልታ አልተሰማም። ገንፎ ልንበላ የተጠራን ሰው የለም።

ጥቅምት 5

ሶረቲ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ዛሬ ዘንቢሏ ውስጥ ፋሻ አየሁ፤ ወፈር ያለ ጥቅልል፣ ከፋርማሲ የተገዛ። ስታየኝ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት።

ለአራስ ፋሻ ምን ያደርጋል?

ጥቅምት 6

ዘበኞቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ድስቴን እያማሰልኩ፣ ያልሰማሁ መስዬ። ከኡኬ በኩል በነበረው ተኩስ አንድ ሰው እግሩን ተመትቶ አምልጧል። ከተማ ገብቷል ይባላል። «አንድ ትልቅ ቤት ደብቆታል» አለ አንደኛው። «ትልቅ ቤት ማን ይፈትሻል?» አለ ሌላው።

ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ኑሪያ፣ «ምነው፣ አንቺም ተመታሽ?» አለችኝ።

ጥቅምት 6፣ ማታ

ማሰብ አቃተኝ። ሰማያዊ በር። ፋሻ። እልልታ የሌለበት ልደት። ሦስት ጊዜ ሰጥቻታለሁ። በገዛ እጄ።

ይህ ደብተር ጆንያው ሥር ነው ያለው። ኢቢሳ የተማረው በቁቤ ስለሆነ የእኔን ጽሑፍ ለማንበብ አይለፋም። ግን ሌላ ሰው ቢያገኘውስ? ስለዚህ ከእንግዲህ እዚህም ላይ «አራሷ» እያልኩ ነው የምጽፈው። የሚያነበው ካለ አራስ ናት ይበል። እኔም የተነገረኝ እሱ ነው። ጠየቅኩ፣ አራስ ናት ተባልኩ፣ ሸጥኩ። ከዚያ ውጭ የማውቀው የለም።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ቀረ። እኔ እዚህ ተወለድኩ፣ እዚህ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። እንዲህ ያለ ዘመን ሲመጣ ግን ሰው መጀመሪያ የሚያየው የአባቴን አገር ነው። እነዚያ ጫካ ያሉት ቢቆጡ እኔ፣ እነዚህ ከተማ ያሉት ቢቆጡ እኔ።

ጥቅምት 8

ሶረቲ መጣች። ሰው እስኪሄድ ጠብቃ ጎንበስ አለችና፣ «አዳዳ፣ ቅቤ ሲበዛ የጡት ወተት ይከብዳል ይባላል። እውነት ነው? ሕፃኗ ትመልሳለች» አለችኝ።

አቤት ተንኮል! ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። እኔም እንደ እሷ ሆኜ፣ «እንግዲያው ቅቤውን እቀንሳለሁ፤ አንቺ ደግሞ የአጃ ሾርባ ስጫት» አልኳት። «እንቅልፍም የላትም፣ ታለቅሳለች» አለች። «ለመጀመሪያ ልጅ ያለ ነው» አልኳት። እዚያው ተቀምጠን ስለሌለች ሴት ስናወራ ሰው ቢያየን እብዶች ይለናል።

ስትሄድ እጄን ሳመችኝ። ቶሎ ሳብኩት።

በሰማያዊው በር በኩል አልፌ ገባሁ። መንገዴ ነው። ውስጥ መዝሙር በሬዲዮ ተከፍቷል፣ እጅግ ጮክ ብሎ። ምን እንዳይሰማ ነው?

ጥቅምት 10

ገለታ መጣ። የቀበሌ ጸጥታ ነው። ልጅ ሳለ ከኢቢሳ ጋር ኳስ ሲጫወት ውሎ እቤቴ ይበላ ነበር። ዱካው ላይ ቁጭ ብሎ ለአጥንት የሚሆነውን አዘዘ።

«የተሰበረ ሰው አለህ?» አልኩት።

«ልቤ ነው የተሰበረው፣ ሃዳ ኢቢሳ። የምታገባኝ አጣሁ።»

ኑሪያ ሳቀች። እሱ በላ፣ ጣቱን ጠረገ። ኑሪያ ዘይት ልታመጣ ስትሄድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በሩ አጠገብ የተሠራውን ሼድ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።» ማን ያላየው አለ? ቆርቆሮው ከሩቅ ያበራል።

«ውኃ ገብቶለታል፣ መብራትም። አንድ ብቻ ነው፣ ለሴት የሚሰጥ። ኑሪያም አመልክታለች። ኮሚቴው ግን ለጸጥታ የምትተባበር ሴት ትሁን ይላል። አንቺ ብትሆኚ እኔ ደስ ይለኛል።»

«እኔ በምን ልተባበር? አሮጊት ነኝ።»

«አንድ እግሩ የተሰበረ ሰው ከተማ ውስጥ አለ። ሆስፒታል አይመጣም። ግን አጥንቱ እንዲጠገን ይፈልጋል። እናቱ ብትሆኚ ምን ታበይዋለሽ?»

ድስቱን ከደንኩ።

«አየሽ? የዚህ ከተማ አንጮቴ የሚያልፈው በአንቺ ድስት ነው።»

«ሰው እቤቱም ይቀቅላል።»

«እሱማ ይቀቅላል። የሚደበቅ ሰው ግን ሥሩን ተሸክሞ ከገበያ ሲገባ መታየት አይፈልግም። በምሳ ዕቃ ነው የሚወስደው።» ተነሳ። «ኢቢሳ ባጃጁን እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚነዳው? ሰሞኑን ማምሸት ጥሩ አይደለም በዪው።» ትከሻዬን ሳመኝና ሄደ።

እንደ ልጅ ነው የሳመኝ።

ጥቅምት 11

ኢቢሳ አልገባም። ስልኩ አይሠራም። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ወጣሁ።

ገባ። ጎማ ፈንድቶበት ነው። ጮህኩበት። «አዮ፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ምን ልበለው?

ጥቅምት 12

ሶረቲ ስትመጣ አልቋል አልኳት። ድስቱ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ታየዋለች። እንባዋ መጣ። «አዳዳ፣ ከአንቺ ሌላ የት እሄዳለሁ? ሌላ ሰው ዘንድ ብሄድ ነገ ከተማው ይሰማል» አለችኝ። ይኸው፣ በራሷ አፍ ተናገረችው።

ሰጠኋት። ገንዘቡን ሳልቀበል አባረርኳት። ለምን ሰጠሁ? እምቢ ብል እነዚያ ይሰማሉ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ገለታ ኑሪያ ዘንድ ተቀምጦ ሳምቡሳ ሲበላ ቆየ። ሁለቱ ሼዱን በእጃቸው እያሳዩ ያወራሉ። እሷ መደርደሪያ የት እንደምታደርግ በአየር ላይ ትለካለች። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ! ሰውን ወደዚያ በር ያመጣው የእኔ ድስት ነው። እሷ የእኔን ገዢ ነው ሳምቡሳ የምታበላው። ዘንድሮም ሲወስዱብኝ ቆሜ ልመለከት ነው? እንደ ወፍጮው?

ጥቅምት 13

ኢቢሳን ኬላ ላይ አቁመው ግማሽ ቀን አዋሉት። ባጃጁን በረበሩ፣ ወንበሩን ገነጠሉ። የአንጮቴ አፈር አግኝተው «ይህን ለማን ነው የምታመላልሰው?» አሉት። «ለእናቴ» አላቸው። ሳቁበት። መንጃ ፈቃዱን ያዙት።

እቤት ሲገባ አልሳቀም።

ይህ የገለታ ሥራ ነው? አይደለም? ብጠይቀው ይስቃል።

ጥቅምት 14

ስም አልጠራሁም። ይህን እዚህ ልጻፈው። ስም አልጠራሁም።

ገለታ መጣ። ስለ ኢቢሳ ስነግረው፣ «እኔ አየዋለሁ፣ አታስቢ» አለ። ከዚያ ጠበቀ። ምንም አልጠየቀኝም፤ ዝም ብሎ እየበላ ጠበቀ። እኔም ድስቱን እያማሰልኩ፣ ለራሴ እንደማወራ፣ «ከቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ሰማያዊ በር ሰሞኑን አንጮቴ አብዝቷል» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። በር የሰው ስም ነው? ሰማያዊ በር ስንቱ ቤት አለው።

ማጉረሱን አላቋረጠም። «እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

የተደበቀው ሰው አንድ ቀን መያዙ አይቀርም። እኔ ባልልም። ጉደታ ደግሞ ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው መውጫ አያጣም። እኔ ነኝ መውጫ የሌለኝ።

ጥቅምት 15

ሌሊቱን ዘነበ። ሊነጋጋ ሲል መኪና በታችኛው መንገድ አለፈ። ከዚያ ውሾች። ከዚያ ብረት ሲደበደብ፣ የሴት ጩኸት።

ተኩስ ስጠብቅ ነበር። ተኩስ የለም።

ዛሬ አልወጣሁም። ኢቢሳን አሞኛል አልኩት። እውነቴን ነው።

ጥቅምት 16

ኑሪያ እቤቴ ድረስ መጣች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ሳትቀመጥ፣ «ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የጉደታን ቤት ሰብረው ገቡ። ታጣቂ ደብቀሃል ብለው። ያገኙት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሊሊሴን! ያች ልጃቸው። ጅማ ናት ሲሉን የከረሙት ጓዳ ውስጥ ነበረች። ወልዳ!»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

«አባቱ የማይታወቅ። የሽማግሌው ልጅ! ስለዚህ ደብቀዋት ነበር፤ አራስነቷ ሲያልቅ ሕፃኗን ሲሬ ላለች ዘመድ ሊሰጡ። በሩ ሲደበደብ ደነገጠችና ልጇን ታቅፋ በጓሮ ሮጠች። ዝናቡ መሬቱን ድጥ አድርጎታል። ቦዩ ውስጥ ወደቀች፤ እግሯ እዚህ ጋ ተሰበረ።» ባቷን አሳየችኝ። «ሕፃኗን ግን ከላይ ይዛት ነበር። አልተነካችም። አላህ ሲጠብቅ።» ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። «ሶረቲ ከአንቺ አልነበር እንዴ የምትገዛው? ለማን ነው ብላሽ ነበር?»

«ለአራስ» አልኳት።

«ታዲያ ነግራሻለች እኮ» አለች ኑሪያ።

ጥቅምት 16፣ ማታ

የጻፍኩትን ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩ። ጣቴን ቃሉ ላይ እያስኬድኩ፣ ሐሴት እንዳስተማረችኝ። አራሷ ይላል። አራሷ። አራሷ። በገዛ እጄ እውነቱን ስጽፍ ከርሜአለሁ።

ወተት ይከብዳል ወይ ስትለኝ ነበር። ታለቅሳለች ስትለኝ ነበር። ፋሻው ለሆዷ ማሰሪያ ነበር። እኔ ራሴ ኢቢሳን ስወልድ ሆዴን በመቀነት አስረውኝ የለ? ሬዲዮውም የሕፃኗን ለቅሶ ለመሸፈን። የወለደች ሴት ነኝ እኮ! የትኛዋ ወላድ ናት ይህን የማታውቀው?

ፈርቼ ነው። ሰው ሲፈራ አይሰማም።

ኑሪያ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ትስቅ ነበር። ከዚያ ገንፎ አገንፍታ ትሄድ ነበር።

ጥቅምት 17

ገለታ የኢቢሳን መንጃ ፈቃድና የሼዱን ቁልፍ አንድ ላይ አመጣ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «ምንም አይደለም፣ ስህተት ያጋጥማል። ቅንነትሽ ታይቷል» አለኝ።

«ሰውየውስ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

ከዚያ ሳቀ። «እሱማ አልነበረም ይላሉ አሁን።»

አልፈልግም ልለው አፌን ከፈትኩ። አሮጊት ነኝ፣ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው፣ ኬላው በየቀኑ አለ። እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉ ቀዝቃዛ ነው።

ኢቢሳ ፈቃዱን ሲያገኝ ጨፈረ። ገለታ እውነተኛ ጓደኛ ነው አለ።

ጥቅምት 19

ሼዱ ጥሩ ነው። ውኃው ይወርዳል። ኑሪያ አምፖሉን እያየች፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ላፌ ሞ ዴሱ። ምን ብለሽ አገኘሽው ግን?» አለችኝ። ቀልድ ነው። ቀልድ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሸሸሁ።

ከሰዓት በኋላ ሶረቲ መጣች። ጥላ አልያዘችም፤ አሁን የምትደብቀው የለም። ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅኳትም። «ሊሊሴ አንቺን ማየት ትፈልጋለች፤ ያችን ምግብ የምትሠራው ማን ናት እያለች» አለችኝ። ድስቱን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ውስጥ ተከተልኳት። ምን ብዬ እቀራለሁ?

ልጅቱ እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ጉደታ አልመጣም። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንድም የለችም፤ ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን እንኳ የለም። ሕፃኗ በጋቢ ተጠቅልላ ከሊሊሴ ጎን ተኝታለች፣ አፏን እያንቀሳቀሰች።

ሊሊሴ ሦስት ጊዜ ጎረሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። «አዳዳ፣ ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ቀኑ የሚመሽልኝ የአንቺን ምሳ ዕቃ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

ሶረቲ ክንዴን ያዘችኝ። «ማን እንደጠቆመብን አናውቅም። ወንድሜ ጎረቤት ነው ይላል፤ ከማንም ጋር መነጋገር ትቷል። እኔ ግን አልኩት፤ ያን ሁሉ ቀን ስትሰጠኝ አንድ ቀን ያላፋጠጠችኝ፣ አፏን የዘጋችልን፣ በዚህ ከተማ ሃዳ ኢቢሳ ብቻ ናት አልኩት።»

እናትዮዋ ከግድግዳው ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። «ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ከዚያ ሶረቲ ሕፃኗን ከአልጋው አነሳችና ወደ እኔ ዘረጋቻት። «ያዣት እስቲ። ከእኛ ሌላ ያቀፋት ሰው የለም።»

እጄ ቅቤ ነው አልኳት።

ታጥቤ ነበር።